አረንጓዴዎቹ እስኪሄዱ ድረስ

የካቲት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ግራጫዎቹ ሄዱ።

እኛ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አየር መንገዶቹን በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም፤ የምንጠራቸው በብርድ ልብሳቸው ቀለም ነው። ግራጫዎቹ፣ ሰማያዊዎቹ፣ ወይን ጠጆቹ፣ አረንጓዴዎቹ። ጠዋት ኃላፊው ገባና "ግራጫ አትጠቡ። የታጠበውን ብቻ አጣጥፋችሁ በጆንያ ክተቱ፤ ማታ ይዘውት ይበራሉ" አለን። ለምን ሲባል፣ "ቲኬት የሸጡበትን ገንዘብ ወደ አገራቸው መላክ አልቻሉም። ባንኩ የውጭ ምንዛሪ የለኝም ይላቸዋል። ታዲያ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?"

"እኛን ሊያዩ ነዋ!" አለች አዋጅ። አጠገቤ ቆማ የምታጥፈዋ ናት። አዋጅ ብሎ ስም ያወጣላት የማጠቢያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ መንግሥት ሳይሰማ እሷ ትሰማለች ብሎ።

ይህ የምጽፍበት መዝገብ የግራጫዎቹ ብርድ ልብስ መቀበያ ነበር፤ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ኃላፊው ሊጥለው ሲል ለመንኩት። "ምን ልትጽፊበት?" አለኝ። "የቤት ነገር" አልኩት።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

እማማ ዜናውን ከሬዲዮ ሰምተዋል። እማማ የምላቸው የባለቤቴን እናት ነው፤ እሱ ለሥራ ውጭ አገር ነው የሄደው። እኔ ልጅ የለኝም፤ እሳቸውና እኔ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ይዘን እንኖራለን። ጫማዬን ሳላወልቅ ጥያቄው ጠበቀኝ።

"ልጄ የሄደው በየትኞቹ ነበር?"

"በሰማያዊዎቹ፣ እማማ።"

"እነሱስ አሉ?"

"አሉ።"

"እንግዲያው መምጫው አልተዘጋም።"

እማማ ቀለማቱን ያውቋቸዋል። እዚያው ማጠቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ አጥፈዋል። እጃቸው እያበጠ ሲያስቸግራቸው ቦታቸውን ለእኔ አስረከቡኝ፤ አጣጠፉንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ለሦስት፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ጠርዙ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ። "ጠርዙ ከታየ ያልታጠበ ይመስላል" ይሉኝ ነበር። አሁን ፎጣም፣ ቀሚስም፣ የምሳ ጨርቄንም የማጥፈው እንደዚያው ነው።

ይህን መዝገብ ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለምና ልጻፈው። ልጃቸው ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። እማማ አያውቁም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል

ትናንት ያንን ጽፌ መዝገቡን ዘጋሁ። በአፌ ብዬው አላውቅም፤ በእጄም ጽፌው አላውቅም ነበር።

መርዶው የመጣልኝ በስልክ፣ ማጠቢያ ቤት ቢሮ ነው። ደዋዩ አብሮት የሚሠራ ሰው ነበር። "ልብሽን ጠንከር አድርጊ" አለኝ፤ ሌላውን ሳይናገር ገባኝ። እዚያው ቀብረውታል። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ፊቴን አይቶ "ደህና ነው?" አለኝ። "ደህና ነው" አልኩት። ማድረቂያ ክፍል ገብቼ ሦስቱንም ማሽን አስነሣሁና አለቀስኩ። ማሽኖቹ ሲቆሙ እኔም አቆምኩ። ሴቶቹን ዓይኔ ሳሙና ገባበት አልኳቸው።

እማማ በዚያው ሳምንት በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ ብሎኛል። ይሻላቸው ብዬ ቆየሁ። ሲወጡ ይጠንክሩ ብዬ ቆየሁ። ሲጠነክሩ "ከልጄ ምን ተሰማ?" አሉኝ፤ "ደብዳቤ መጥቷል" ብዬ አረፍኩ። በማግሥቱ ጽፌ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ እጽፋለሁ፤ በየሁለት ወሩ አነባለሁ። ደብዳቤው በመሥሪያ ቤት አድራሻ ነው የሚመጣው ስላልኳቸው ፖስተኛ አይጠብቁም።

አንድም ቀን ጥቁር ለብሼ አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ "ባለቤትሽ እንዴት ነው?" ይለኛል። ደህና ነው እላለሁ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። የማሽን ሳሙና አልቋል። ከውጭ ነበር የሚመጣው፣ አሁን አይገባም። ኃላፊው "በግማሽ ጠቡ" አለ። አዋጅ፦ "ግማሽ ብርድ ልብስ ነው ግማሽ ሳሙና?" ሾፌሩ ከበሩ ሆኖ፣ "መንገደኛውም በግማሽ ነው የሚመጣው፤ ማን ያሸተዋል!"

ሰማያዊዎቹ በሳምንት ከአምስት በረራ ወደ ሁለት ወርደዋል።

የካቲት 17፣ እሑድ

ደብዳቤ አነበብኩ። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ የጻፍኩት ነው።

"ውድ እናቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዘንድሮ ለመምጣት ቁርጥ ሐሳብ አድርጌ ነበር፤ ሆኖም አየር መንገዶች በረራቸውን እየቀነሱ ስለሆነ ቲኬት የሚገኝ አይመስልም።"

ይህን ስጽፍ እንዳላፈርኩ መናዘዝ አለብኝ። በእነዚህ አራት ዓመታት የማይመጣበትን ምክንያት ሳበጅ አልቄያለሁ። አንዴ አሠሪው ፈቃድ ከለከለው። አንዴ ፓስፖርቱ አለፈበት። አንዴ እግሩን ሰብሬ በሁለት ደብዳቤ አድኜዋለሁ። የዘንድሮው ምክንያት ግን በሬዲዮ የተነገረ ነው። ከደብዳቤዎቼ ሁሉ እውነት ያለበት ይህ ብቻ ነው።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ሲያበቃ፣

"ልጄ ጨዋ ሆኗል" አሉ። "እርስዎ ይለኛል። ያ አገር ሰው ጨዋ ያደርጋል ማለት ነው።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ስለ ጫማዬስ ያነሣው ነገር የለም?"

አምና በአንዱ ደብዳቤ ጫማ አስገዝቼው ነበር። እግራቸው ስለሚያብጥ ሶሉ ለስላሳ፣ ቡናማ፣ ማሰሪያ የሌለው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እንጃ፤ ባዶ ሰላምታ ብቻ ሆኖብኝ ነው መሰል።

"ተቀምጦልዎታል ይላል።"

"እስቲ የቱ ጋ ነው የሚለው?"

ባዶው ቦታ ላይ ጣቴን አደረግሁ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ጠርዙን አንድ ሁለቴ አሻሹና ፍራሹ ሥር ከተቱት።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ሰማያዊዎቹም በሚቀጥለው ሳምንት ያቆማሉ። አዋጅ ስትነግረን ኃላፊው ገና አልሰማም ነበር።

ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ማሽኑ አጠገብ ያሉት ሴቶች ነገ ሥራቸውን ያጣሉ፣ እኔ ግን ቀለል አለኝ። አውሮፕላን ከሌለ አይመጣም፤ ያልመጣው በምንዛሪው ነው፣ በእኔ አይደለም። አገር ሙሉ ደጅ ሲዘጋበት የምትደሰት ሴት ምን ዓይነት ናት? ከአዋጅ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳንገጣጠም ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

መጋቢት 1፣ እሑድ

የፈራሁት ሳይሆን ያላሰብኩት መጣ።

እማማ ጠዋት፣ "አረንጓዴዎቹ ብቻ ናቸው የሚቀሩት አይደል?" አሉኝ።

"ወይን ጠጆቹም ገና አሉ።"

"እነሱም ይሄዳሉ። ወረቀት አምጪ። ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።"

እስከ ዛሬ "ሰላም በዪልኝ" ይላሉ እንጂ አጽፈውኝ አያውቁም። ተቀመጥኩ።

"ለልጄ በይ። አረንጓዴዎቹ ሳይሄዱ ና። ጫማው ይቅር፣ በባዶ እጅህ ና።"

"እማማ፣ ቲኬት እኮ…"

"እናቱ ጋ መምጣት የፈለገ ሰው ቲኬት አያጣም። ጻፊ። በአረንጓዴዎቹ መጨረሻ አውሮፕላን ካልመጣህ ከዚያ በኋላ አልጠብቅህም። ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"አልጠብቅህም የሚለው ላይ አስምሪበት።"

አሰመርኩበት። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ቁጣ መሆኑንም እንጃ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ የሽርጤ ኪስ ውስጥ አደረግሁት፤ የት እጥለዋለሁ?

ማምለጫ ነው ያልኩት ቀነ ቀጠሮ ሆነብኝ።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ሾፌሩ ጆንያዎቹን ሲያወርድ፣ "ባለቤትሽ የሚመጣ ከሆነ ንገሪኝ፣ ከአየር ማረፊያው በነፃ አመጣዋለሁ" አለኝ። ጆንያውን አስቀመጠና፣ "የማይመጣ ከሆነም ንገሪኝ" ብሎ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ለብሶ አውልቋል፤ ሰው ሁሉ አጽናንቶታል። ቀናሁበት።

"ይመጣል" አልኩት። ከዚያ በኋላ የአውሮፕላን ወንበር ራስጌ ጨርቆቹን ሦስት ጊዜ አበላሽቼ አጠፍኩ።

ዝናብ ስለነበር እስከ ቤት አደረሰኝ። እማማ በመስኮት አይተዋል።

"ማነው?"

"የማጠቢያ ቤቱ ሾፌር።"

"ደግ ሰው ይመስላል።" ከመስኮቱ ዞረው፣ "አንቺ ገና ልጅ ነሽ።"

"አርባ ሊሞላኝ ነው እኮ፣ እማማ።"

"ከዚህ ቤት ብትወጪ የምትሄጂበት አለሽ?"

"የለኝም። ምነው?"

"ዝም ብዬ ነው።"

የሰለቸኋቸው መሰለኝ። ሆድ ባሰኝ፤ እራት አልበላሁም።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሥራ ተራዬ ስላልሆነ እማማ ጎረቤት ሲሄዱ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሥሩ ደብዳቤዎቹ አሉ። አንድ ላይ ይመስሉኝ ነበር። ሁለት እስር ናቸው።

አንደኛው እስር ድሮ የመጡት፣ እውነተኞቹ፣ እሱ ራሱ የጻፋቸው ናቸው፤ አንዱ ለሁለት የታጠፈ፣ አንዱ የተጨማደደ፣ አንዱ ፖስታው ውስጥ እንደምንም የተወተፈ። ሁለተኛው የእኔዎቹ ናቸው። ለሦስት፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ። አንዱም ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም።

ቁጭ አልኩ። እማማ ፊደል አይለዩም። ዓይናቸውም ደክሟል። በቅደም ተከተል ያስቀመጧቸው ይሆናል፤ የቆየው ከቆየው፣ አዲሱ ከአዲሱ። ወይም ማሰሪያው ክር አጭር ሆኖባቸው ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምንም።

እንደነበሩ መልሼ አስቀመጥኳቸው።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

እማማ ከማጠቢያ ቤት ትንሽ ጥቁር ቀለም እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ የአየር ማረፊያውን ሻንጣ ተሸካሚዎች ካፖርት የምናድስበትን። "ያረጀ ጨርቅ አለኝ፣ ላድስበት" አሉ። ኃላፊው አንድ ጣሳ ሞልቶ ሰጠኝ። "ውሰጂው፣ ካፖርት የሚለብስም አልቀረም" አለ።

መጋቢት 22፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

እማማ ተኝተዋል። እስከ ዛሬ የጻፍኩትን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ራሴን ደግ አስመስያለሁ። ለእሳቸው ልብ ስል፣ ሐኪሙ ስላለ፣ እያልኩ። ያ እውነት ነው፤ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ዘልዬዋለሁ።

ሳይሞት በፊት የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ። የመጨረሻው። ያን ጊዜ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ደብዳቤ የሚያነብልን ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። ከዚያ በፊት በመጣው ደብዳቤ ባለቤቴ ለእኔ አንድ የቁልምጫ ስም ጽፎ ነበር፤ በባልና በሚስት መካከል መቅረት ያለበት ስም። ልብስ ሰፊው ጮክ ብሎ አነበበው። እማማ ሳቁ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። በሳምንቱ ቧንቧው ጋ ሴቶቹ በዚያ ስም ጠሩኝ። ሁለተኛ የእኔን ደብዳቤ ሰው አያነብም ብዬ ማልኩ።

የሚቀጥለው ሲመጣ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። እማማ "ምን ይላል?" አሉ። "ደህና ነኝ ይላል፤ መሥሪያ ቤት አስነብቤዋለሁ" አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ያ ነው። ያኔ በሕይወት ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ከብርድ ልብስ ውስጥ ነው። መንገደኞች ያነበቡትን ጋዜጣ አብረው ጠቅልለው ይተዋሉ፤ ስናራግፍ ይወድቃል። እየለቀምኩ፣ አንዱን ፊደል ከያኔው ኃላፊ፣ አንዱን ከሾፌሩ እየጠየቅሁ፣ ለምን እንደሆነ ሳልናገር፣ አምስት ወር ፈጀብኝ። ስልኩ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። በአምስተኛው ደብዳቤውን ከአፍ እስከ ገደፉ አነበብኩት።

"ደረቴን ያመኛል። እዚህ ውኃ የሚያቀብለኝ የለም። ልመለስ እልና በባዶ እጄ ስመጣ ምን ትሉኛላችሁ ብዬ እተዋለሁ። ሂድ ያልሽኝ አንቺ ነሽና አንቺው ና በዪኝ። ና ካልሽኝ በሳምንቱ እመጣለሁ።"

ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ መሄድ አልፈለገም ነበር። "ሰው ሁሉ ሲለወጥ አንተ ግድግዳ ተደግፈህ ቅር" ብዬዋለሁ። ና በዪኝ ያለውን ደግሞ አራት ወር ደረቴ ላይ ይዤው ዞርኩ፤ ልብስ ሰፊው እንዳይስቅብኝ። አንድ ሰው ባስነብብ፣ አንድ ቃል ባስጽፍ።

ደብዳቤው አሁን በዚህ መዝገብ ሽፋን ውስጥ ነው። ያጠፈው ለአራት ነው፣ ያውም አጣሞ። እንዳጠፈው ትቼዋለሁ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ወይን ጠጆቹ ሄዱ። ዘጠኝ ሰው ተቀነሰ፤ አዋጅም። ሽርጧን አውልቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና፣ "እንግዲህ ወሬ በየተራ ተናገሩ፣ አትሻሙ" አለች። ማንም አልሳቀም። በሩ ጋ ስደርስባት አቀፈችኝና በጆሮዬ፣ "አንቺ ሴት፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ነገር አውጪው። የማላውቀው ወሬ እሱ ብቻ ነው" አለችኝ።

ተመልሼ መደርደሪያዬ ጋ ቆምኩ። አሁን አጠገቤ ቆሞ የሚያጥፍ ማንም የለም። ቀኑን ሙሉ የማሽን ድምፅ ብቻ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

አረንጓዴዎቹም። የመጨረሻ በረራቸው ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ማጠቢያ ቤቱ በዚያው ቀን ይዘጋል።

እማማ ከሬዲዮ ሰምተዋል። "ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፤ ራሴ ቆሜ እጠብቀዋለሁ" አሉ። እግርዎ አልኳቸው። "እግሬ የእኔ ነው" አሉ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። ፀጉራቸውን ላበጥርላቸው ከኋላቸው ተቀመጥኩ፤ ፊታቸውን ሳላይ ይቀለኛል ብዬ።

"እማማ።"

"ወይ።"

"አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።"

ትከሻቸው ቀጥ አለ። ማበጠሪያውን ያዝ አድርገው አቆሙኝ። ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁኝ።

"ማጠቢያ ቤቱ ሊዘጋ ነው" አልኩ።

"እሱንስ ነግረሽኛል" አሉና ማበጠሪያውን ለቀቁት። ያዘኑ መሰለኝ። ሥራዬን በማጣቴ ይሆናል።

ፈሪ። ፈሪ።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

የመጨረሻዎቹን አረንጓዴ ብርድ ልብሶች አጠፍኩ። ለሦስት፣ ለሁለት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ። ኃላፊው ማሽኖቹን በጨርቅ ሸፈናቸው።

ነገ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ቲኬት አጥቶ ነው። ታሞ ነው። አሠሪው ነው። ሁሉንም ተራ በተራ በቃሌ አጥንቻቸዋለሁ፤ አንዱም ከአፌ የሚወጣ አልመሰለኝም።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ትናንት ሾፌሩ በስምንት ሰዓት መጣ። እማማ ያላቸውን ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። መንገድ ላይ፣ "ሚስትህ ጥሩ ሴት ነበረች?" አሉት። "በጣም" አላቸው። "አልቅሰሃል?" "አልቅሻለሁ፣ እናቴ።" "ጥሩ አድርገሃል" አሉት። እኔ ከኋላ ሆኜ መስኮቱን አየሁ።

የመሄጃው በር ሰው ጢም ብሎበታል፤ ሻንጣ በሻንጣ ላይ፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ። የመምጫው አዳራሽ ባዶ ነው። ብረቱን ተደግፈን የቆምነው እኛና አንድ አበባ የያዙ ሽማግሌ ብቻ ነን። አውሮፕላኑ ወረደ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አንዲት ሴት ሕፃን ይዛ። ሁለት ነጋዴዎች። የሽማግሌው ልጅ፤ አበባውን ሳይቀበል አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ማንም። ከዚያ አስተናጋጆቹ ትንንሽ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፤ አንደኛዋ እያለቀሰች ነበር። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛው ባልዲውን ይዞ ወጣና በሩን ከውጭ ቆለፈው።

እማማ አልተንቀሳቀሱም። ክንዳቸውን ያዝኩ። አፌን ከፈትኩ።

"እማማ፣ ቲኬት አጥቶ…"

"ተይ አሁን" አሉኝ፤ በቀስታ። "ይብቃሽ። ደክሞሻል።"

ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሁለት ጥቁር ሻሽ አወጡ፤ ከአንድ ጨርቅ የተቀደዱ፣ ዳርና ዳራቸው በእጅ የተቀመቀመ። ያመጣሁላቸው ቀለም ነው። አንዱን ራሳቸው ላይ አሰሩ። ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ይኸኛው ያንቺ ነው። አራት ዓመት ሳትለብሺው ቆየሽ።"

ሻሹን ተቀበልኩ። "ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ሃያ ሁለት ዓመት ያጠፍኩበትን አጣጠፍ ልትደብቂኝ ነው? የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትሰጪኝ በጣቴ ነው ያወቅሁት። ልጄ ወረቀት አጥፎ አያውቅም፤ ይወትፋል እንጂ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

የተቆለፈውን በር እያዩ መለሱልኝ።

"እሱ የለም ካልኩ አንቺስ ምን ይዞሽ ትቆያለሽ? ደብዳቤ እስካለ ከሥራ ወደ እኔ ትመለሻለሽ ብዬ ነው። ያዝኩሽ። ወጣትነትሽን በላሁብሽ።" ከዚያ፣ "አውሮፕላን ሁሉ ሲሄድ ግን አፈርኩ። አንቺ ካልተናገርሽ እኔ ልጨርሰው አልኩ።"

እዚያው ብረቱን ይዘን አለቀስን። አንድ የአየር ማረፊያው ዘበኛ፣ ሰው ሸኝተን የምናለቅስ መስሎት አልፎን ሄደ። ሾፌሩ ሻሾቹን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ የመኪናውን በር ከፈተልን።

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ጎረቤት ቤቱን ሞላው። "መቼ ነው?" ይላሉ። እማማ "ቅዳሜ" ይላሉ፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። አዋጅም መጣች። አቅፋኝ አንድ ነገር ሳትናገር ቆየች፤ እሷ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ሰው ሲወጣ ልቤ አላርፍ አለኝ። እማማ አንዱን ውሸት ይቅር ብለውኛል፤ ሌላው የመዝገቡ ሽፋን ውስጥ አለ። አወጣሁት። "ይህን እሱ ነው የጻፈው። የመጨረሻው ነው" አልኩና አነበብኩላቸው። ና ካልሽኝ በሳምንቱ እመጣለሁ የሚለው ድረስ። ልብስ ሰፊውን ነገርኳቸው። አራቱን ወር ነገርኳቸው።

እማማ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ በአራቱም ማዕዘን ዳሰሱት፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

አላናገሩኝም።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

ውኃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። አላዩኝም። ቤቱ ውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ወደ አገሪቱ የሚገባ አውሮፕላን የለም ይላል። ልብሴን በጆንያ ከተትኩ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ግን ተዘጋጅቼ ልቆይ።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

ጠዋት እማማ ተነሥተው ተቀመጡ። ጆንያዬን አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልብሴ ነው።"

"ወደ ቦታው መልሺው። ከዚያ ደብዳቤ አንብቢልኝ።"

"የቱን?"

ፍራሹ ሥር እጃቸውን ሰደው ሁለተኛውን እስር አወጡ። የእኔን።

"ያንን፣ የሰኞውን፣ ሁለተኛ አታንብቢልኝ። እሱ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። የጫማውን አንብቢልኝ።"

ፈልጌ አገኘሁት። ዘረጋሁት።

"ውድ እናቴ፣ ለጤናዎ እንደምን…"

"ቆይ፣ ቆይ።" እጃቸውን አነሡ። "እኔን ውድ እናቴ ብሎኝ አያውቅም። እርስዎም ብሎኝ አያውቅም፤ አንቺ ሴትዮ ነበር የሚለኝ። ልጄ ጨዋ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው።"

እሳቸው ቀድመው ሳቁ። ሳቅ መሆኑን እስክለይ ቆየሁ፤ ከዚያ እኔንም ያዘኝ።

"አስተካክለሽ አንብቢው" አሉኝ።

ወረቀቱን ቀና አድርጌ ያዝኩት። የተጻፈውን ሳይሆን እሱ ቢሆን የሚለውን አነበብኩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እንዴት ነሽ? እግርሽ እንዴት ነው? ጫማ ገዝቼልሻለሁ። ቡናማ ነው፣ ማሰሪያ የለውም…"

እማማ ያበጠውን እግራቸውን ከአልጋው ጫፍ አንጠልጥለው፣ ከእኔ አልፈው ወደ በሩ እያዩ፣

"የታለና!" አሉ። "አንተ ውሸታም።"